የንግድ ታፔላ በዋሽንግተን ዲሲ ታሪካዊ አካባቢዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዩ ስትሪት፣ በዘጠነኛው መንገድ፣ በአዳምስ ሞርጋንና በጆርጅታውን ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ለመክፈትም ያሰቡ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሱቄ ያለበት ሕንጻ በታሪካዊ አካባቢ ውስጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሕንጻው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አይጠብቁ፤ ጥበቃ ያለባቸው ሕንጻዎች አብዛኞቹ ከውጭ ሲታዩ ከሌላው የጡብ ቤት የሚለያቸው ነገር የለም። አስተማማኙ መንገድ ሂስትሪኩዌስት ዲሲ በሚባለው የከተማው የኢንተርኔት ካርታ ላይ አድራሻውን አስገብቶ ማየት ነው። በከተማዋ ከሃምሳ የሚበልጡ ታሪካዊ አካባቢዎች አሉ። የሀበሻ ንግድ ቤቶች በብዛት የሚገኙበት የታላቁ ዩ ስትሪት ታሪካዊ አካባቢ በ1998 የተመዘገበ ሲሆን፣ የዘጠነኛው መንገድ ምግብ ቤቶቻችንም በዚሁ ክልል ውስጥ ናቸው። የአዳምስ ሞርጋኑ አሥራ ስምንተኛ መንገድ ደግሞ በከፊል በዋሽንግተን ሃይትስ ታሪካዊ አካባቢ ውስጥ ይገባል።

ካርታውን ማየት የሚገባው የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ነው። የክልሉ ወሰን በመንገድ መካከል የሚያልፍበት ቦታ ስላለ፣ ፊት ለፊትዎ ያለው ጎረቤት የሰቀለውን አይቶ «እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ» ማለት አያዋጣም።

ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ ያስፈልጋል? የሚሰጠውስ ማን ነው?

አዎን፣ ያስፈልጋል። ማመልከቻው የሚገባው ዲፓርትመንት ኦፍ ቢልዲንግስ ለተባለው የሕንጻዎች መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ «ዲ.ሲ.አር.ኤ.» እያለ የሚጠራው የቀድሞው መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2022 ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ የሕንጻ ፈቃድ፣ ሌላው የንግድ ፈቃድ ይሰጣል። ይህ መከፈል ብዙዎችን አሳስቷል፤ የንግድ ፈቃድ በእጅዎ መኖሩ ታፔላ ለመስቀል ፈቃድ አግኝተዋል ማለት አይደለም።

ሕንጻው በታሪካዊ አካባቢ ውስጥ ከሆነ ማመልከቻው ወደ ታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ፣ ማለትም ወደ ኤች.ፒ.ኦ. ይመራል። ዘጠኝ አባላት ያሉት የቅርስ ጥበቃ ገምጋሚ ቦርድ መኖሩን ሲሰሙ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፤ ሆኖም የታፔላ ማመልከቻ በአብዛኛው በቢሮው ባለሙያዎች ደረጃ ያልቃል እንጂ ቦርዱ ፊት አይቀርብም። ባለሙያው የሚፈልገው የሕንጻውን ፊት የሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ፣ ልኩ የተጻፈበት የታፔላው ሥዕል፣ ከምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚያዝና በምን እንደሚበራ የሚገልጽ ማብራሪያ ነው። እነዚህ ከተሟሉ ግማሹ መንገድ አልቋል።

ይህ አካባቢ ለምን ይጠበቃል? የእኛ ታፔላስ ምን ያገናኘዋል?

ዩ ስትሪት ጥቁር አሜሪካውያን በዘር ልዩነት ሕግ ከመሃል ከተማው ንግድና መዝናኛ በተገፉበት ዘመን በራሳቸው ገንዘብና ጉልበት የገነቡት ከተማ ነው። በ1903 የተመረቀው የትሩ ሪፎርመር ሕንጻ ንድፍ የጥቁሩ አርክቴክት የጆን ላንክፎርድ ሥራ ነው። ሃዋርድ ቴአትር በ1910፣ ሊንከን ቴአትር በ1922 ተከፈቱ፤ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ ሰፈር ነው፤ «ብላክ ብሮድዌይ» የሚለው ስምም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ከተነሣው የ1968ቱ ሁከትና ቃጠሎ በኋላ ብዙ ሱቅ ተዘጋ፤ ቀጥሎ የሜትሮው ቁፋሮ መንገዱን ለዓመታት አስጨነቀው፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። የእኛ ሰዎች በብዛት የገቡት ከዚያ በኋላ፣ ኪራዩ ገና ሳይወደድ፣ ባዶ የቆሙ ሱቆችን ጠርገው ነው።

በ2005 የዘጠነኛውን መንገድ አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሙከራ ሲደረግ ከነባሩ ማኅበረሰብ ተቃውሞ የተነሣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰዎቹ የሠጉት የአባቶቻቸው ታሪክ በሌላ ስም እንዳይሸፈን ነው። ይህን ስጋት ላለመናቅ አንዱ ተጨባጭ መንገድ ታፔላን ከሕንጻው ጋር አስማምቶ መስቀል ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለውን የጡብ ጌጥ በፕላስቲክ ሰሌዳ የሸፈነ ሰው ያንን ጡብ የደረደረውን እጅ ነው የሸፈነው።

ምን ዓይነት ታፔላ ይፈቀዳል?

መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ታፔላው ሕንጻው አስቀድሞ ባዘጋጀለት ቦታ ይቀመጥ። በአሮጌ ሱቆች ላይ ከማሳያ መስኮቱ በላይና ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት በታች አግድም የሚሄድ ጠፍጣፋ ስፍራ አለ፤ ይህ ድሮም ለታፔላ የተተወ ነው። ጽሑፉ በዚያ ልክ ቢዘጋጅ፣ ወይም ከግድግዳው ወደ መንገድ የሚወጣ አነስተኛ ባለ ሁለት ፊት ታፔላ ቢሰቀል ብዙ ጥያቄ አይነሣበትም። መስኮትን፣ የጡብ ጌጥን ወይም በሕንጻው አናት የሚሄደውን ጌጠኛ ጠርዝ የሚሸፍን ታፔላ ግን ይመለሳል።

በጣም የሚያጋጨው ነገር መብራት ነው። ውስጡ አምፖል ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ፊቱ በሙሉ የሚያበራው ዓይነት፣ ዋጋው ቀላል ስለሆነ ታፔላ ሠሪዎች አስቀድመው የሚያቀርቡት እርሱን ነው፤ በታሪካዊ አካባቢ ግን ተቀባይነት የለውም ብሎ መነሣት ይሻላል። በምትኩ ከላይ ቀና ብሎ ወደ ታች የሚያበራ ቆልማማ አንገት ያለው መብራት፣ ወይም ብርሃኑ ከፊደሉ ጀርባ ወደ ግድግዳው የሚወጣ ነጠላ ነጠላ ፊደል ይመረጣል። ምሽት ላይ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ላየው ሁለተኛው ያምራል፤ ጡቡም አብሮ ይታያል።

ታፔላዬን በአማርኛ መጻፍ እችላለሁ? በአማርኛ ብቻስ?

ይችላሉ። የቅርስ ጥበቃው ግምገማ መጠንን፣ ቦታን፣ ቁሳቁስን፣ አሰቃቀልንና መብራትን ይመለከታል እንጂ የቃሉን ትርጉም ወይም ቋንቋውን አይመለከትም። ከዚህ በላይ ያለው ዋስትና ሕገ መንግሥታዊ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ሪድ ከጊልበርት ከተማ ጋር በተከራከሩበት ጉዳይ፣ በአሪዞና የምትገኘው ከተማ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጸሎት ቦታዋ ለመጠቆም የምትተክላቸውን ምልክቶች ከሌሎች ምልክቶች በጠበቀ ደንብ ማሰሯ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ወስኗል። መንግሥት በምልክት ላይ የተጻፈውን መልእክት እያየ ደንብ ቢለያይ እጅግ ከባድ ምክንያት ማቅረብ አለበት። እንዲያውም በዚችው ከተማ በቻይናታውን፣ ትልልቅ የአሜሪካ ሱቆች ሳይቀሩ ስማቸውን በቻይንኛም እንዲጽፉ የከተማው የዲዛይን ግምገማ ያበረታታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የቤት ቁጥርን በግእዝ አኃዝ ብቻ አይጻፉ። የእሳት አደጋ ደንቡ የአድራሻ ቁጥር በተለመደው 1፣ 2፣ 3፣ ቁመቱም ከ4 ኢንች ሳያንስ ከመንገድ እንዲነበብ ይጠይቃል፤ አምቡላንስ የሚፈልግዎ በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ከተማ ባሉ ታፔላዎች ላይ ፊደላችን ተጎሳቁሎ ማየት ያሳዝነኛልና። ታፔላ ሠሪው የግእዝ ፊደል በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይመጣል፤ አለዚያም ማሽኑ ያገኘውን ማንኛውንም ቅርጽ ይተካል። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን ፊደሉ ወደ መስመር ቅርጽ በተለወጠበት ፋይል ይላኩለት፤ ከመቆረጡ በፊትም በወረቀት በሙሉ መጠኑ አሳትመው አማርኛ የሚያነብ ሁለተኛ ሰው ያሳዩ። ከብረት ወይም ከእንጨት ነጠላ ነጠላ ፊደል ሲቆረጥ ደግሞ የ«ሬ» እና የ«ኬ» ቀለበት ውስጡ ጠቦ ይደፈናል፤ «ሰ» እና «ሱ» የሚለያዩበት ትንሽ ቅጥያም ከሩቅ ትጠፋለች። እግሩ ወፍራም፣ ቀለበቱ ሰፊ የሆነ አጣጣል ይምረጡ። በመጠን ላይ ገደብ ባለበት ቦታ ረጅም የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ትቶ ለአማርኛው ስፋት መስጠት በእኔ አስተያየት የተሻለ ምርጫ ነው።

ታፔላው በጡብ ግድግዳ ላይ እንዴት ነው የሚሰቀለው?

ደንቡን በአንድ ቃል ለማስቀመጥ፣ ጡቡን አይብሱ። ብሎኑ የሚገባው በጡብና በጡብ መካከል ባለው መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው ቢቦረቦር ነገ ተመሳሳይ የኖራ ልስን ተሞልቶ ይድናል፤ የተሰነጠቀ ጡብ ግን አይድንም፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ የጡቡን ፊት ያፈነዳዋል።

በዲሲ ግን አንድ ልዩ ችግር አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ፊታቸው ለስላሳና ጠርዙ ቀጥ ባለ ጥሩ ጡብ የተገነባ ሲሆን፣ መጋጠሚያው ቢላ ላይ እንደተቀባ ቅቤ የሳሳ ነው፤ ብሎን አያስገባም። እንዲህ ያለ ግድግዳ ሲገጥምዎ ታፔላውን ከሱቁ መስኮት በላይ ባለው የእንጨት ወይም የብረት ክፍል ላይ ማሰር፣ ወይም ቀድሞ የነበረ ታፔላ የተወውን ቀዳዳ መልሶ መጠቀም ይሻላል። ለሠራተኛው ይህን መሰላሉ ላይ ሳይወጣ ይንገሩት፤ ከወጣ በኋላ የሚሰማው የመሰርሰሪያውን ድምፅ ብቻ ነው።

ከበሩ በላይ የሸራ ጥላ ማድረግ እፈልጋለሁ። ከበሩ ፊት ያለው ቦታስ የእኔ አይደለም?

ኦውኒንግ የሚባለው የሸራ ጥላ በእነዚህ መንገዶች ላይ ድሮም የነበረ ስለሆነ በደንብ ከተሠራ በደስታ ይቀበሉታል። እውነተኛ ሸራ ይሁን፤ ስፋቱ ከአንዱ መስኮት ወይም በር ጋር ይመጣጠን፤ ወደ ፊት ያዘንብል፤ ጽሑፉ ታች በሚንጠለጠለው ጠርዝ ላይ ይሁን። ከውስጥ የሚበራ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክና የሕንጻውን ፊት ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ረጅም ጥላ ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በዲሲ አሮጌ መንገዶች ከቤቱ ግድግዳ እስከ እግረኛ መንገዱ ያለው ሣር ወይም ንጣፍ በአብዛኛው የከተማው መሬት ነው፤ መነሻውም ኮንግረስ በ1870 ያወጣው ሕግ ነው። አጥር ቢታጠር፣ አበባ ቢተከልበትም የሕዝብነቱ አይለወጥም። ስለዚህ ወንበርና ጠረጴዛ ለማውጣት፣ የሚቆም ሰሌዳ ለማስቀመጥ ወይም በመሬቱ ላይ ምሰሶ ለመትከል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱን፣ ማለትም የዲዶትን የሕዝብ ቦታ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የግድግዳውን ቀለም መቀየርስ?

ከጆርጅታውን ውጭ የቀለም ምርጫ በቅርስ ጥበቃው ግምገማ ውስጥ አይገባም። ቢሆንም ቀለም ያልነካው ጡብ ካለዎት እንዲሁ ይተዉት ብዬ እለምናለሁ፤ አንዴ የተቀባ ጡብ ዕርጥበቱን ማስወጣት ይቸግረዋል፣ ቀለሙን ለማስለቀቅ የሚደረገው ጥረትም ፊቱን ይበላዋል። በግድግዳ ላይ የሚጻፍ የንግድ ስም ግን ቀለም ቢሆንም ታፔላ ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ታፔላ ተሰቅሏል። ስሙን ብቻ ብቀይርስ?

ተሰቅሎ መገኘቱ በፈቃድ መሰቀሉን አያረጋግጥም። ከባለቤቱ የፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ከሌለው ማመልከቻ ያስገቡ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ጣጣው ከሕንጻው ጋር ይቆያል፤ የሰቀለው ሰው ከሄደ ከዓመታት በኋላም ጥያቄው የሚመጣው አሁን በሩን ለሚከፍተው ሰው ነው።

በውሉ ላይ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይጻፉ፦ ታፔላ የመስቀል መብት፣ የፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ፣ ሲለቁም ግድግዳውን የሚያስጠግነው ማን እንደሆነ። በቃል የተባለ ነገር ባለቤቱ ሕንጻውን የሸጠ ዕለት ይረሳል።

ያለ ፈቃድ ከሰቀልኩ ምን ይመጣብኛል?

የቅርስ ጥበቃ ቢሮው የራሱ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ ሥራ የማስቆም ትእዛዝና የቅጣት ማስታወቂያ ይሰጣሉ። ቅጣቱን የሚቃወም ሰው ጉዳዩን በአስተዳደር ችሎት ማሰማት ይችላል። ማስታወቂያውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ መልስ ሳይሰጥበት የቀረ ማስታወቂያ ቅጣቱን ያሳድጋል። በደረሰዎ ቀን ለቢሮው ደውለው ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ታፔላው በትንሽ ማስተካከያ የሚፈቀድ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ በ2004 ከወጣ ጀምሮ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በዋናነት ከሚያገለግሉባቸው ስድስት የውጭ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ስፓኒሽ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ኮሪያኛና ቬትናምኛ ናቸው። አስተርጓሚው በነጻ ነው፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ይዘው መሄድ የለብዎትም።

የኮንሰርት ፖስተር በመብራት ምሰሶ ላይ መለጠፍ ይቻላል?

በገደብ ይቻላል። አንድ ፖስተር ከ180 ቀን በላይ አይቆይም፣ በአንድ ብሎክ በአንዱ የመንገድ ጎን ከሦስት በላይ አይለጠፍም፣ የዝግጅት ማስታወቂያ ከሆነም ዝግጅቱ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ መነሣት አለበት። በዛፍ ላይ ፈጽሞ አይለጠፍ።

ጆርጅታውን ከሌላው በምን ይለያል?

ጆርጅታውን በ1950 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተጠበቀ በመሆኑ፣ ማመልከቻው በከተማው በኩል ገብቶ የአሜሪካ የሥነ ጥበባት ኮሚሽን ዘንድ ይደርሳል፤ ኮሚሽኑንም ሦስት አርክቴክቶች ያሉበት የኦልድ ጆርጅታውን ቦርድ ያማክረዋል። ከሕዝብ መንገድ የሚታይ ነገር ሁሉ ይመረመራል፤ አንድ የናስ ሰሌዳ እንኳ አይታለፍም። ወንዙን ተሻግረው በኦልድ ታውን አሌግዛንድሪያ ለመክፈት ያሰቡም የዲሲውን ልምድ ይዘው አይሂዱ፤ ከተማዋ ከ1946 ጀምሮ የራሷ ገምጋሚ ቦርድና የራሷ ደንብ አላት።

ማመልከቻዬ ቢከለከልስ? ደግሞስ መንግሥት በግል ሕንጻ ላይ ይህን የማዘዝ ሥልጣን አለው?

«አይሆንም» የሚለው የመጀመሪያ መልስ በታፔላ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ «እንዲህ ቢሆን ይሆናል» ማለት ነው፤ ባለሙያውን ምን ቢቀየር እንደሚፈቅድ ጠይቀው ሥዕሉን ያስተካክሉ። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኤ.ኤን.ሲ. የሚባለው፣ የሚሰጠውን አስተያየት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በሕግ ከፍ ያለ ክብደት እንዲሰጡት ስለሚገደዱ፣ ኮሚሽነርዎን ቀድሞ ማነጋገር ይጠቅማል። ቦርዱም ከተቃወመ የከንቲባው ወኪል በተባለው ዳኛ ፊት ችሎት መጠየቅ፣ ከዚያም እስከ ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ሆኖም ለአንድ ታፔላ ይህን ያህል መንገድ መሄድ ከታፔላው ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ስለ ሥልጣኑ ሕጉ ግልጽ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በኒው ዮርኩ የፔን ሴንትራል ጉዳይ ከተሞች ታሪካዊ ሕንጻዎችን ለመጠበቅ ደንብ ማውጣት እንደሚችሉና ደንቡ ባለቤቱን ስለገደበው ብቻ ንብረት እንደተወረሰ እንደማይቆጠር ወስኗል። የዲሲ የቅርስ ጥበቃ ሕግም የዚያው ዓመት ነው።

ለእድሳት የሚያግዝ ገንዘብ አለ?

ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንጻ በተፈቀደ መንገድ ሲታደስ የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው 20 በመቶ የሚሆን የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ወጪው ግን ከሕንጻው የተስተካከለ የግብር ዋጋ፣ ማለትም ከተገዛበት ዋጋ የመሬቱና የእርጅና ቅናሹ ተነሥቶ፣ የማሻሻያው ወጪ ታክሎ ከሚገኘው ዋጋ መብለጥ አለበት፤ ተከራይ የሚጠቀመውም ለንግድ ሕንጻ ቢያንስ 39 ዓመት የቀረው ውል ካለው ነው። ስለዚህ ጥቅሙ ከተከራይ ይልቅ ለባለቤት ነው፤ ታፔላንም አይጨምርም።

የእኛ የራሳችን አሮጌ ታፔላዎችና ምግብ ቤቶች ቅርስ ሊሆኑ ይችላሉ?

ይህ ጥያቄ በቅርቡ መነሣት የጀመረ ነው፤ ጊዜውም ደርሷል። ለብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ በጥቅሉ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የዲሲው ሕግ ደግሞ በባለሙያ ለመመዘን የሚበቃ ጊዜ ማለፉን ይጠይቃል። የከተማዋ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ማማ ደስታ በ1978 በጆርጂያ አቬኑ እንደተከፈተ ብናስብ፣ ያ ዘመን 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል።

ለመዝገብ ማመልከት የሚችሉት የሕንጻው ባለቤት፣ የመንግሥት አካል፣ የሰፈሩ ኤ.ኤን.ሲ. ወይም ዓላማው ቅርስ መጠበቅ የሆነ ድርጅት ናቸው። ማመልከቻ የሚጻፈው ከማስረጃ ነው፦ ሱቁ የተከፈተ ዕለት የተነሣ ፎቶ፣ የመጀመሪያው ምግብ ዝርዝር፣ የታፔላው ፈቃድ፣ የሠሪው ደረሰኝ። የድሮ ታፔላዎን ሲያወርዱ ከመጣልዎ በፊት ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሥተው ቀኑን ይጻፉበት፤ ከተቻለም ሰሌዳውን ራሱን በምድር ቤት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።